«ቀዝቅዛለች» ያልናት እኅት

(ለአጥቢያ ሽማግሌዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከራሳችን ጥፋት የተማርነው ነው። ከአጥቢያዎቻችን በአንዷ ከመዘምራን ጋር የምታገለግል አንዲት የልጆች እናት ነበረች። አስም አለባት። መጀመሪያ ከመዝሙር ልምምድ ቀረች፤ ቀጥሎም ከእሑድ ጉባኤ። የሚቆላውን ቡና ጭስ ስለምትፈራ ከጎረቤት ጋር መጠራራትንም ተወች። እኛም «በመንፈስ ቀዝቅዛለች» ብለን ልንመክራት ሄድን። ስለ ትጋት ተናገርን፤ ጸለይን፤ ወጣን። ሌሊት ትተኛ እንደ ሆነ፣ መድኃኒቷን ትወስድ እንደ ሆነ ማንም አልጠየቃትም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በውድቅት ሌሊት ትንፋሽ አጥሯት በሰው ተደግፋ ሐኪም ቤት ገባች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፋለች።

በኋላ እንደ ነገረችን፣ ከወራት ጀምሮ ልቧ ጨልሞ፣ ነገር ሁሉ ጣዕም አጥቶባት ነበር። በየቀኑ የምትስበውን መድኃኒትም «ለምን ብዬ?» ብላ ትታዋለች።

ይህን ሐኪሞች ድባቴ ይሉታል። አስም ያለባቸው አዋቂዎች ከሌላው ሰው ይልቅ እንደሚያጠቃቸው በልዩ ልዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። ሁለቱ ይመጋገባሉ፤ ሌሊቱን ሲያስለውና ደረቱ ሲር ሲር ሲልበት ያደረ፣ ከሥራውም የቀረ ሰው ይከፋዋል፤ የከፋው ሰው ደግሞ ራሱን መጠበቅ ይሳነዋል። መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት መሆኑንም ልብ በሉ። እንደ ሳልቡታሞል ያለው የተጨበጠውን የአየር ቧንቧ በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል፤ ነገር ግን ከጥቂት ሰዓታት አያልፍም። እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው የቧንቧውን እብጠት ቀስ በቀስ ስለሚቀንስ ሳይታክቱ በየዕለቱ መሳብ ያስፈልጋል። ወዲያው የሚሰማ ለውጥ የለውምና ተስፋ ለቆረጠ ሰው ለመተው የሚቀለው ይህኛው ነው።

«እምነት ካለሽ መድኃኒት ምን ያደርግልሻል?» ያልንም ከመካከላችን አለን። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ ያቀረበለት እንጎቻና ውኃ ነበር እንጂ ተግሣጽ አልነበረም።

እንግዲህ ስትጎበኙ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፤ ባለፉት 2 ሳምንታት ልብሽ ከፍቶት ወይም ተስፋ አጥተሽ ነበር? ቀድሞ ደስ ይልሽ የነበረው ነገር አሁን አላስደስትሽ ብሏል? አዎን ካለች፣ ስለ አስሙ ብቻ ሳይሆን ስለዚህም ለጤና ጣቢያው ሠራተኛ እንድትነግር አብራችኋት ሂዱ። ድባቴ በምክርና በመድኃኒት ይታከማል። መሞትን ካነሣች ግን ብቻዋን አትተዉአት፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ውሰዷት። ትንፋሽ ሲያጥራትም «ጭንቀት ነው» እያላችሁ አትዘግዩ።

ያቺ እኅት አሁን መድኃኒቷን በየዕለቱ ትስባለች፤ ለድባቴውም ትታከማለች። ወደ መዘምራኑ ገና አልተመለሰችም፤ እኛም አናጣድፋትም። ረቡዕ ረቡዕ ሁለት እኅቶች ቤቷ ሄደው ከሰሉን ደጅ አውጥተው ቡናውን ይቆላሉ። እርሷም ጭሱ በማይደርስባት በኩል ተቀምጣ ትጫወታለች።