እስከ ፋማካ የመጣው መምህር

የተከበራችሁ የጉባ የአገር ሽማግሌዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ በቀን ሥራችሁ ላይ የማታውን ማስተማር የደረባችሁ መምህራን፣ ከሁሉም በላይ የዛሬው ቀን ባለቤቶች የሆናችሁ ተመራቂዎች፤ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ።

ከማሽላውና ከሰሊጡ ማሳ፣ ወርቅ ከሚታጠብበት ወንዝ ውላችሁ፣ ልጅ አስተኝታችሁ ፊደል ለቆጠራችሁ ሰዎች ስለ ትምህርት ጥቅም መስበክ አይገባኝም። በአውራ ጣት አሻራ የተፈረመ ውል ምን እንደሚያስከትል ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። የምነግራችሁ በባርነት አልፈው ስላነበቡ ሰዎች ነው፤ ይልቁንም ካነበቡ በኋላ ስላደረጉት።

እ.ኤ.አ. በ1882 መጀመሪያ ላይ አንድ ወጣት በሱዳን በኩል ዞሮ፣ ዓባይን ሽቅብ ተከትሎ ፋማካ ደረሰ። ፋማካ ወንዙን ይዘን ብንወርድ ከድንበሩ ማዶ የምናገኛት ስፍራ ናት። ወጣቱ ኦኔሲሞስ ነሲብ ይባላል፤ እናቱ ቤት ሳለ ስሙ ሂካ ነበር። በኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ ተወልዶ፣ አባቱን በሕፃንነቱ አጥቶ፣ ገና ልጅ ሳለ በ1869 ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት። ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ስምንት ጌቶች ተፈራርቀውበታል። በመጨረሻ ምፅዋ ላይ ቬርነር ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ ተወላጅ ነፃ አወጣው፤ እዚያው አቅራቢያ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትም ገባ። ጎበዝ ተማሪ ስለነበር ስዊድን ተልኮ አምስት ዓመት ተማረ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በስምንት ጌቶች እጅ ያለፈ ልጅ ነፃ ወጥቷል፣ ተምሯል፣ ስቶክሆልምን አይቷል። አገሩ ደግሞ ገና ሰው የሚሸጥባት አገር ናት። እሱ ግን ትምህርቱን እንደጨረሰ የተነሳው ወደ ተነጠቀበት ምድር ለመመለስ ነው። በሰሜን ያለው መንገድ ስለተከለከለ በሱዳን ዞሮ ወለጋ ሊገባ ሞከረ። ፋማካ ላይ መንገዱ ተቆረጠ፤ ከጓደኞቹ ጋር በበሽታ እየተንገላታ ወደ ካርቱም ተመለሰ። ወለጋን የረገጠው በ1904 ነው፤ ከፋማካ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው።

በእነዚያ ዓመታት እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ሰውነቱ ያልደረሰበት አገር ጽሑፉ እንዲደርስ ሠራ። መጽሐፍ ቅዱስን በግዕዝ ፊደል ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ አዲስ ኪዳን በ1893 እምኩሉ፣ ሙሉው በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ።

ይህን ሥራ ግን ብቻውን አልሠራውም። ስሟ ከእሱ እኩል መጠራት የሚገባው አንዲት ሴት አለች፤ አስቴር ጋኖ። እሷም በሊሙ እናርያ ባሪያ ሆና ባሕር ልትሻገር ጀልባ ላይ ተጭና ነበር። በ1886 የኢጣልያ መርከቦች ጀልባዋን ያዟትና አስቴር ወደ እምኩሉ ተወሰደች። እዚያ ተማረች። የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ ለትርጉም ሥራውም ጠቅሟል። ከዚያም በልጅነቷ የሰማቻቸውን እንቆቅልሾች፣ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አባባሎችና ዘፈኖች በጽሑፍ ሰበሰበች፤ ቁጥራቸው አምስት መቶ ያህል ነው። ብዙዎቹ በ1894 በታተመው የጀማሪዎች ማንበቢያ መጽሐፍ ገቡ። እናቶች ሆይ፣ ይህን ልብ በሉልኝ። በሰው የሚነግዱት የመዘኑት ጉልበቷን ነበር። እሷ ግን የአገሯን ሕዝብ ቅርስ በጭንቅላቷ ይዛ ነበር፤ ብዕር ባታገኝ ኖሮ ያ ሁሉ አብሯት ይቀበር ነበር። በ1904 ከኦኔሲሞስ ጋር ወደ ወለጋ ተመልሳ ነቀምት ላይ አስተማረች።

በዚያው መቶ ዓመት በብዙ የአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ለባሪያ ፊደል ማስተማር ወንጀል ነበር። የሰሜን ካሮላይና ግዛት በ1830 ያወጣው ሕግ ባሪያ ማንበብና መጻፍ እንዳይማር ከልክሎ ቁጥርን ግን ፈቅዷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጆንያ የሚቆጥር ባሪያ ለጌታው ይጠቅማል፤ መጻፍ የቻለ ባሪያ ግን የይለፍ ወረቀት ለራሱ ይጽፋል። በዚያ ዘመን ባሪያ ያለ ጌታው ወረቀት ከእርሻው ርቆ መሄድ አይችልም ነበርና።

ፍሬድሪክ ዳግላስ በሜሪላንድ በባርነት የተወለደ ልጅ ነበር። ባልቲሞር ሳለ የቤቱ እመቤት ፊደል ታስቆጥረው ጀመር። ባሏ ሲሰማ ተቆጥቶ አስቆማት፤ ማንበብ የቻለ ባሪያ ለባርነት አይመችም አለ። ልጁ ከዚያ ቁጣ የነፃነቱን መንገድ አወቀ። መንገድ ላይ ለተራቡ ነጭ ልጆች ዳቦ እየሰጠ ንባብ ተማረ፤ መርከብ በሚሠራበት ቦታ አናጢዎች እንጨት ላይ የሚጽፏቸውን ምልክቶች እያየ መጻፍ ለመደ። በ1838 አምልጦ በ1845 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚነካኝ ግን ከማምለጡ በፊት ያደረገው ነው፤ እሁድ እሁድ በድብቅ ባሪያዎችን ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹ ከአርባ ያለፉበት ጊዜ እንደነበር ጽፏል። በ1836 ከጓደኞቹ ጋር ሊያመልጥ አስቦ ለሁሉም የይለፍ ወረቀት ጻፈላቸው። ምስጢሩ ወጥቶ ሲያዙ ማስረጃው እንዳይገኝ የራሱን እሳት ውስጥ ጣለ፤ ጓደኞቹም የየራሳቸውን ከዳቦ ጋር በሉት።

ሃሪየት ጄኮብስ ደግሞ ከጌታዋ ሸሽታ በአያቷ ቤት ጣሪያ ሥር፣ ቀና ብሎ መቆም በማይቻልበት ጠባብ ቦታ ሰባት ዓመት ያህል ተደብቃለች። እዚያው ሆና ደብዳቤ ትጽፍ ነበር። ደብዳቤዎቹ በሰው ተወስደው ከአሜሪካ ሰሜናዊ ከተሞች በፖስታ እንዲመጡ ታደርግ ነበር። ጌታዋ በሩቅ ከተማ ሲያፈላልጋት እሷ ከአጠገቡ ሳትርቅ ልጆቿን በግድግዳ ቀዳዳ ትመለከት ነበር። ታሪኳን በ1861 አሳትማለች።

አሁን ወደ ጉባ ልመለስ፤ የምናገረውም በአክብሮት ነው። ይህ ቆላ ሰው የሚታደንበት ምድር ነበር። ከጉሙዙም ከበርታውም ብዙ ሰው ተይዞ፣ ከፊሉ በደጋ ቤቶች ሎሌና ገረድ ሆኗል፣ ከፊሉ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ገብቷል። አዳኙ አንድ ወገን ብቻ አልነበረም፤ ከሱዳን የመጣ አለ፣ ከደጋ የወረደ አለ፣ ከቆላው ገዢዎችም አሉበት። ባርነት በአዋጅ ጨርሶ የተሻረው በእኛ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. ነው። እዚህ የተቀመጡት ሽማግሌዎች አባቶችና እናቶች ያዩት ዘመን ማለት ነው። ስለዚያ ዘመን ያነበብኩት ግን መንገደኛ፣ ቆንሲልና አስተዳዳሪ የጻፈውን ነው። ከዚህ ተነጥቃ የሄደች ልጅ፣ ወይም ልጇን የተነጠቀች እናት የተናገረችው ቃል በመጽሐፍ አልገጠመኝም።

ዛሬ አገር ጉባን የሚያውቃት በዓባይ ላይ በተሠራው ግድብ ነው፤ ይገባታልም። ግን ግድቡ ከመሠራቱ በፊት በዚህ ወንዝ ዳር ማን ኖረ፣ ማን ተወሰደ፣ ማን ተመለሰ የሚለውን የሚጽፍ ከእናንተ ውጭ ማን አለ? በክልላችን ጉሙዝኛ፣ በርትኛና ሽናሽኛ በትምህርት ቤት ይጻፋሉ። አስቴር ጋኖ ያላገኘችው ብዙ ነገር በእጃችሁ ነው።

ስለዚህ ከእያንዳንዳችሁ አንድ ነገር እለምናለሁ። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ካሉት አዛውንት አጠገብ ተቀመጡና የልጅነታቸውን ዘመን ጠይቋቸው። በነገሯችሁ ቋንቋ፣ ሳታሳምሩና ሳትቀንሱ ጻፉት። የሚያሳፍር ቢመስላችሁም ጻፉት፤ የሌላውን ወገን በደል የሚጽፍ የራሱንም ወገን በደል ይጻፍ። የወረዳው ትምህርት ኃላፊዎች ደግሞ የሚሰበሰበውን ጽሑፍ አስጠርዛችሁ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት እንድታኖሩት፣ ልጆችም እንዲያነቡት አደራ እላለሁ። ለዚህ የሚሆኑ ደብተሮችና እስክሪብቶዎች ይዤ መጥቻለሁ፤ ከምስክር ወረቀታችሁ ጋር ይሰጧችኋል።

እንኳን ደስ አላችሁ።