ክትክታ ከነሥሩ አይነቀል



በሰሜን ሸዋና በወሎ ድንጋያማ ተዳፋቶች፣ ዝናብ ቀርቶ ሌላው ቁጥቋጦ ሲጠወልግ ክትክታ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ቅጠሉን የሸፈነው ሙጫ መሰል ቅባት ውኃው ቶሎ እንዳይተን ያግዘዋል። ፍየልም ብዙ አትደፍረውም፤ መኖ አይሆንም ተብሎ የሚናቀውም በዚሁ ነው። በተራቆተ ተዳፋት ቀድሞ በቅሎ አፈር የሚይዘው ግን እርሱ ነው። ለማገዶና ለአጥር ሲፈለግ ቅርንጫፉን መቁረጥ ይበቃል፤ ከነሥሩ ከተነቀለ የክረምቱ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ከታች ያለው ማሳ ላይ ድንጋይ ይጥላል። አበባው ደቃቅ ነው፤ ዓይን የሚስበው ቀላ ያለው ባለክንፍ ፍሬው ነው፤ እርሱንም ነፋስ ይበትነዋል። በችግኝ ጣቢያ ለማፍላት፣ የዘሩ ሽፋን ጠንካራ ስለሆነ፣ የፈላ ውኃ ፈስሶበት እስኪቀዘቅዝ ይዘፈዘፋል። የዩኒየኑ ማኅበራት የችግኝ ዕቅድ ሲያወጡ ከባሕር ዛፉ ጎን ክትክታም ይመዝገብ።