ስለ አያ ጢሞ ሕመምና አያያዝ ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር

(በማኅበሩ ጸሐፊ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ የተነገረ፤ በሥራ ምክንያት ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ የወጣ።)



ዛሬ የምንናገረው ስለ መዋጮ ወይም ስለ መኪና ማቆሚያ አይደለም። በሦስተኛው ፎቅ ስላለው እንሽላሊት ነው። የሚስቅ ይኖራል፤ ይሳቅ፣ ግድ የለም። ነገር ግን ባለፉት ሦስት ሳምንታት ለማኅበራችን ከቀረቡት አቤቱታዎች የሚበዙት ስለዚሁ እንስሳ በመሆናቸው፣ ነገሩን አጣርተን ለሁላችሁም ማስረዳት ግዴታችን ሆኖ አግኝተነዋል።

እንደምታውቁት ከጎረቤቶቻችን የአንዱ ቤት የ12 ዓመት ልጅ ከእንስሳት መጠለያ አንድ እንሽላሊት በማደጎ ወስዳለች። ፈረንጆቹ «ቢርድድ ድራገን» ይሉታል፤ ወደ እኛ ሲመለስ ጢማም ዘንዶ እንደማለት ነው። ሰፈሩን ያሸበረውም ይኸው ዘንዶ የሚለው ስም ነው። እንስሳው ግን ዘንዶ አይደለም፤ ሰውን የሚጎዳ መርዝም የለውም። ትልቅ የሚባለው ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ ቢለካ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያም ውስጥ ግማሹ ጅራት ነው። ጢም የተባለው ሲቆጣ ወይም ሲፈራ የሚነፋው የጉሮሮው ቆዳ ነው፤ ያን ጊዜ ይጠቁራል። አገር ቤት ካብ ላይ ወጥታ ፀሐይ የምትሞቀውና ራሷን ከፍ ዝቅ የምታደርገው ገበሎ የሥጋ ዘመዱ ናት። የዘሩ አገር የአውስትራሊያ ደረቅ ምድር ነው። አውስትራሊያ የዱር እንስሳቷን ከነሕይወታቸው ለንግድ ወደ ውጭ መላክን ስለከለከለች፣ እዚህ አሜሪካ በየቤቱ ያሉት እዚሁ በሰው እጅ የተፈለፈሉ ናቸው። እንግዲህ እሱም እንደ ልጆቻችን እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው ማለት ነው።

የልጅቷ አያት በመጀመሪያው ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል አስታውሰው በጣም ደንግጠው እንደነበር ነግረውናል። አሁን «አያ ጢሞ» ብለው ስም ያወጡለት ግን እሳቸው ናቸው። እኛም በዚሁ ስም እንጠራዋለን።

በቤተሰቡ ፈቃድ ሊቀ መንበሩ፣ ገንዘብ ያዡና ጸሐፊው ሄደን አይተነዋል። ያየነው ደስ አይልም። የፊት እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ደረቱን ከመሬት ማንሣት አቅቶት በሆዱ ይሳባል። የታችኛው መንጋጋው እንደ ላስቲክ ለስልሷል። ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቷል። አንዱ የኋላ እግር ጣቱ ላይ ያልተላቀቀ አሮጌ ቆዳ እንደ ክር ተጠምጥሞበታል። ይህን ያዩ አንዳንድ ነዋሪዎች «ምን ያደርጋል፣ ይመለስ» አሉ። ሌሎች ደግሞ «በሽታው ወደ ልጆቻችን ይተላለፋል» አሉ። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ለየብቻ መመለስ አለባቸው።

መጀመሪያ ስለ አጥንቱ። የሚሳቡ እንስሳትን የሚያክመው የእንስሳት ሐኪም ራጅ አንሥቶ ለቤተሰቡ እንደነገራቸው፣ የያዘው የአጥንት መሳሳት በሽታ ነው። ይህ ከሰው ወደ ሰው፣ ከእንስሳም ወደ ሰው አይሄድም። እናቶቻችን ሕፃን ሲወለድ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚያሞቁት ለምንድን ነው? አጥንቱ እንዲጠና አይደለም እንዴ? የአያ ጢሞም ነገር ያው ነው። ቆዳው ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ጨረር፣ አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለው ማለታችን ነው፣ በሰውነቱ ውስጥ ቫይታሚን ዲ ይሠራለታል። ቫይታሚን ዲ ከሌለ የበላው ካልሲየም ከአንጀቱ ወደ ደሙ በደንብ አይገባም። ደሙ ደግሞ ያለ ካልሲየም መኖር ስለማይችል፣ ከአጥንቱ እየቦረቦረ ይወስዳል። በዚህ ዓይነት አጥንቱ ይለሰልሳል፣ ጡንቻውም ይንቀጠቀጣል። በፊት የያዘው ሰው በመስኮት አጠገብ አስቀምጦት ነበር ይባላል። መስኮት ግን ይኼን ጨረር አያሳልፍም፤ ብርሃኑ ይገባል፣ የሚጠቅመው ጨረር መስታወቱ ላይ ይቀራል። እኛም ይህን ስንሰማ ተደንቀናል፤ ስንቱ ሰው ሕፃኑን ከመስታወት ኋላ ያሞቃል እኮ!

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ሐኪሙ የሚጠጣ ካልሲየም አዝዞለታል፤ ልኩንም እሱ ነው የሚወስነው። ከመድኃኒት ቤት የራሳችንን ቫይታሚን ዲ ገዝተን እናንጠባጥብለት ያላችሁ ሰዎች አላችሁ። ልባችሁ ደግ ነው፤ ነገር ግን ሲበዛም ኩላሊቱን ስለሚጎዳ ተዉት።

ሌላው ሥራ የቤቱ ነው። የሚኖርበት ሣጥን ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 60፣ ከፍታው 60 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገዝቷል። ከላይ ያንን ጨረር የሚሰጥ ረጅም መብራት ተሰቅሎለታል። ይህ መብራት በቀን 12 ሰዓት ያህል ይበራል። ተንኮል ያለበት ነገር፣ ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ሳይጠፋ ጨረሩ ቀድሞ ያልቃል፤ ስለሆነም መብራቱ ገና ሲበራ እያየን በ6 ወርም በ12 ወርም፣ እንደ ዓይነቱ፣ መለወጥ አለበት። ልጅቷ የገዛችበትን ቀን በወረቀት ጽፋ ሣጥኑ ላይ ለጥፋዋለች፤ ብልህ ልጅ ናት።

ከዚያ ሙቀት። አያ ጢሞ ሰውነቱን ራሱ አያሞቅም፤ ከውጭ ነው የሚያገኘው። በአንድ ወገን የሚሞቅበት ቦታ ከ38 እስከ 42 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ በዚህ አገር አለካክ ከ100 እስከ 108 ፋራናይት መሆን አለበት። በሌላው ወገን ደግሞ ሲሞቀው ሄዶ የሚበርድበት፣ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ የሆነ ጥላ ያስፈልገዋል። በእጅ ዳስሶ «ይሞቃል» ማለት አይበቃም፤ በቴርሞሜትር ነው። ሙቀት ካጣ ምግብ አይፈጭለትም፣ የበላው ሆዱ ውስጥ ይበላሻል። በዚህ ምክንያት ሐኪሙ ያዘዘው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ውኃ፣ ቀጥሎ ሙቀት፣ ከዚያ ምግብ ነው። እኛ አበሾች የታመመ ስናይ ቶሎ ማጉረስ እንወዳለን። ለአያ ጢሞ ግን ሳይሞቅ ማጉረስ መጉዳት ነው።

ስለ ምግቡ ሲነገር ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለ። ያደገ አያ ጢሞ አብዛኛው ምግቡ ቅጠል ነው፤ ነፍሳት ጥቂቱን ብቻ ናቸው። ከቅጠሎቹም ሁሉ ከሚመረጡት አንዱ ጎመን ነው! እዚህ ሱቅ «ኮላርድ ግሪን» የሚሉት፣ እኛ በቅቤ የምንሠራው ጎመን ማለት ነው፤ ካልሲየሙ ብዙ ነው። ለእሱ ግን ጥሬውን፣ ታጥቦ፣ ተከትፎ፣ ጨውም ቅቤም ሳይነካው ነው። አያቲቱ «የእኛ ቤት እንግዳ ነው ለካ» ብለው ስቀዋል። ቆስጣና ስፒናች ግን የዘወትር ምግቡ አይሁኑ፤ በውስጣቸው ያለው ኦክሳሌት የሚባለው ነገር ካልሲየሙን ይዞ ያስቀርበታል። አቮካዶ መርዙ ነው። ልጆቻችሁ በደግነት እንዳያጎርሱት ንገሯቸው።

ነፍሳቱ ከእንስሳት ዕቃ መሸጫ ይገዛሉ፤ በካልሲየም ዱቄት ይለወሳሉ፤ ትልቀታቸውም በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ካለው ስፋት አይበልጥም። «የሕንፃውን በረሮ ይጨርስልናል» ብላችሁ የቀለዳችሁ አላችሁ። አይሆንም። በረሮዎቻችን ላይ መድኃኒት ስለሚረጭ፣ መርዙን አብሮ ይውጠዋል። ከሁሉ የምናሳስባችሁ ግን በበጋ ምሽት ግቢው ሣር ላይ ብልጭ ብልጭ የሚሉትን ነፍሳት ነው። ልጆች በጠርሙስ ይይዟቸዋል፣ ያምራሉም። በውስጣቸው ያለው መርዝ ግን ለዚህ ዓይነት እንሽላሊት እጅግ ክፉ ነው፤ አንድ እንኳ ቢውጥ በጥቂት ሰዓት ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ጠርሙስ ይዞ ሦስተኛ ፎቅ የሚወጣ ልጅ እንዳይኖር!

የጣቱ ቆዳ በለብ ያለ ውኃ እየተነከረ በራሱ እንዲላቀቅ ይጠበቃል። በጉልበት አይገፈፍም። ተጠምጥሞ ከቆየ ግን ደም ስለሚከለክል ጣቱ ሊቆረጥ ይችላል፤ ሐኪሙ ይህንን እየተከታተለ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው አቤቱታ እንምጣ። እዚህ ላይ አቤት ባዮቹ እውነት አላቸው። አጥንቱ የያዘው በሽታ አይተላለፍም፤ ሳልሞኔላ የሚባለው ተሕዋስ ግን ይተላለፋል። እንስሳው ጤነኛ መስሎ እንኳ በኩሱ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ሰውን ተቅማጥና ትኩሳት ያሲዛል፣ ሕፃናትን ደግሞ ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2024 ከዚሁ ዓይነት እንሽላሊት ጋር የተያያዘ የሳልሞኔላ ወረርሽኝ አስታውቆ ነበር። አዲስ ነገርም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ዛጎላቸው ከ4 ኢንች ያነሰ ትናንሽ ኤሊዎች እንዳይሸጡ የተከለከለው በዚሁ ምክንያት ነበር። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎችና ሰውነታቸው የደከመ ሕመምተኞች እንዲህ ያለ እንስሳ እንዳይነኩ ይመከራል። ፎቁ ላይ ሁለት ጨቅላዎች አሉ። አያቲቱም 71 ዓመታቸው ነው።

ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግረን የተስማማነው እንግዲህ ይኼ ነው። ሣጥኑ ከሳሎን ወጥቶ በልጅቷ ክፍል ሆኗል። ሳህኑም ሆነ ዕቃው በወጥ ቤት ቧንቧ አይታጠብም፤ የራሱ ባልዲ አለው፣ ውኃው በመጸዳጃ ቤት ይደፋል። የነካው ሰው ሁሉ ወዲያው በሳሙና ይታጠባል። አይሳምም፤ ልጅቷ ይህ አንዱ ከብዷት ነበር፣ ተቀብላለች። ወደ መተላለፊያው፣ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍልና ወደ ስብሰባ አዳራሹ አይወርድም። አያቲቱ ከበር ሆነው ያወሩታል እንጂ አይነኩትም። የአከራዩም የጽሑፍ ፈቃድ በማኅበሩ መዝገብ ገብቷል። ይህ ሁሉ እስከተጠበቀ ድረስ እንስሳው ከሕንፃው ይውጣ የሚለውን አቤቱታ ማኅበሩ አልተቀበለውም።

የገንዘቡን ነገር በግልጽ እንናገር። ምርመራው፣ ራጁና መብራቱ ቤተሰቡን አስጨንቋል፤ አባትየው ሌሊት ታክሲ ነው የሚነዱት። ከማኅበሩ ሣጥን ግን ለዚህ ገንዘብ አይወጣም፤ ሣጥኑ ለለቅሶና ለታመመ ሰው ነው፣ ደንቡም እንዲሁ ይላል። በግሉ መርዳት የሚፈልግ ለገንዘብ ያዡ ሳይሆን በቀጥታ ለቤተሰቡ ይስጥ። ከስድስተኛው ፎቅ አንድ አባት በየሳምንቱ አንድ እስር ጎመን አመጣለሁ ብለዋል። እናመሰግናቸዋለን።

ይድናል ወይ ለምትሉን፣ ሐኪሙ ያለው እንዲህ ነው፦ የተጣመመው መንጋጋ ላይቃና ይችላል፤ መንቀጥቀጡ ግን ሊቆም፣ እግሩም ሊጠነክር ይችላል፤ ወራት ይፈጃል። በደንብ የተያዘ እስከ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። ልጅቷ በየእሑዱ በወጥ ቤት ሚዛን ሳይሆን ለእሱ ብቻ በተገዛ ሚዛን ትመዝነዋለች። ሲመጣ 262 ግራም ነበር፤ ባለፈው እሑድ 281 ሆኗል። ከትናንት በስቲያም ደረቱን ከመሬት አንሥቶ አራት እርምጃ ያህል ሄዷል። የእንቁላል ልክ እንኳ የማይሞላ ጭማሪ ነው ትሉ ይሆናል፤ ልጅቷ ግን ስትነግረን ታለቅስ ነበር።

የቀረ አንድ ጉዳይ አለ። ቤተሰቡ በሚቀጥለው ወር ለሠርግ አትላንታ ለአራት ቀን ይሄዳል። መብራቱን የሚያይ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚሰጥ፣ ቅጠል የሚከትፍ ሰው ያስፈልጋል። በቤቱ ትንሽ ልጅ የሌለው፣ ራሱም ነፍሰ ጡር ያልሆነች ወይም ያልታመመ ሰው ቢሆን ይመረጣል። ፈቃደኛ የሆነ እስከ ዓርብ ማታ ድረስ ከዚህ ወረቀት በታች ስሙንና የበሩን ቁጥር ይጻፍ። ልጅቷ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሰጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ታሳየዋለች።