የምክሩ ዋጋና የበቆሎው ዋጋ

(የተማሪዎች ማኅበር በቡልቡላ ባደረገው ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ማኅበራችን የዘንድሮውን ስብሰባ ከግቢ አውጥቶ በቡልቡላ እንዲሆን ያደረገው ለሽርሽር አይደለም። ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ወደ አቢጃታ የሚወርደው ወንዝ እዚሁ አጠገባችን ነው፤ ከአስፋልቱ ወዲያና ወዲህ ያለውም የበቆሎ ማሳ ነው። እኛ በክፍል ውስጥ «የገበያ ማሻሻያ» እያልን በሰሌዳ ላይ የምንጽፈው ነገር ውጤቱ የሚታየው በዚህ በቆሎ ዋጋ ላይ ስለ ሆነ፥ ከቦታው ላይ ሆነን እንነጋገርበት ብለን ነው።

ስለ ውጭ አገር እርዳታ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ስንዴ፣ ስለ ዘይትና ስለ መድኃኒት ነው። ነገር ግን በጆንያ የማይጫን ሌላ ዓይነት እርዳታ አለ። ይኸውም አንድ ሕግ እንዲለወጥ፣ አንድ ዋጋ እንዲለቀቅ፣ አንድ የመንግሥት ድርጅት ለግል እንዲዛወር ሲባል የሚሰጥ ገንዘብ ነው። አማካሪው ይመጣል፤ ጥናቱ ይጻፋል፤ የሚፈጸሙት ነገሮች በሰንጠረዥ ይዘረዘራሉ፤ ሰንጠረዡ ሲሟላ የሚቀጥለው ክፍያ ይለቀቃል። ይህን በጅምላ ለመንቀፍ አልተነሣንም። የኛ ጥያቄ አንድ ነው፤ በሰንጠረዡ ሳይጻፍ የቀረው ነገር ምንድን ነው? የተረሳውስ በማን ላይ ይወድቃል?

በደርግ ዘመን የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህልን በኮታና መንግሥት በወሰነው ዋጋ ይገዛ እንደ ነበር ወላጆቻችን ያስታውሳሉ። ነጋዴውም ከሚጭነው እህል ላይ ለድርጅቱ እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር፤ በየመንገዱም ኬላ ነበረ። ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን ለዚህ ድርጅት መቋቋም የዓለም ባንክ ብድር እንደ ነበረበት ነው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት ራሱ ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ አወጀና ኮታው ተነሣ፤ ኬላውም ቀረ። በዚህ ያዘነ ገበሬ አልሰማንም። ከዚያ ወዲህ ባንኩ የሚመክረው የመንግሥት እጅ ከእህል ንግድ እንዲወጣ ነው። ባንኩ በአንድ እጁ የሠራውን በሌላው አፈረሰ ብንል እናጋንናለን፤ ዘመኑም መንግሥቱም ተለውጦ ነበርና። ሆኖም አማካሪ ኀሳቡን በለወጠ ጊዜ የፊተኛው ብድር አብሮ እንደማይሰረዝ ልብ ማለት ይገባል።

በመስከረም 1985 ዓ.ም. ብር ከዶላር ጋር የነበረው ምንዛሪ ከ2.07 ወደ 5 ብር ሆነ። ይህም ከዓለም የገንዘብ ድርጅትና ከዓለም ባንክ ጋር የተያያዘው የመዋቅር ማስተካከያ ፕሮግራም መጀመሪያ ነበር። ቀጥሎ የማዳበሪያ ገበያ ለግል ነጋዴ ይከፈት ተባለ፤ በ1989 ዓ.ም. የማዳበሪያ ድጎማ ቀረ። በሰንጠረዡ ላይ ነገሩ ተፈጽሟል። በመሬት ላይ የሆነውን እንይ። ጥቂት የግል አስመጪዎች ገቡ፤ ነገር ግን ማዳበሪያው ለገበሬው የሚደርሰው በብድር፣ ብድሩም በክልል መንግሥታት ዋስትና ስለ ነበረ፥ ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ግለሰቦቹ ከገበያው ወጡ፤ ከክልል ገዥ ፓርቲዎች ጋር የተያያዙ ኩባንያዎች ቦታውን ያዙት። ዋጋው ነጻ ወጣ፤ ሻጩ ግን ነጻ አልነበረም። እንዲህ ያለውን ገበያ ምን ብለን እንደምንጠራው የኢኮኖሚክስ መምህራኖቻችን ይንገሩን።

ከሁሉ ይልቅ ልናቆይበት የሚገባን የ1994 ዓ.ም. ነገር ነው። ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ድርጅት የተሻሻለ የበቆሎ ዘርና ማዳበሪያን በአንድነት ለገበሬ አሳየ፤ መንግሥትም ይህንኑ ወስዶ በመላው አገር የኤክስቴንሽን ፕሮግራም አደረገው። ገበሬው የተባለውን ፈጸመ። ዝናቡም ሁለት ዓመት በተከታታይ ሠመረ። በቆሎው በዛ፤ ዋጋውም እስከ 80 በመቶ ወደቀ። ለመሰብሰቢያ የሚወጣው ገንዘብ ከሽያጩ ስለ በለጠ በማሳው ላይ የቀረ በቆሎ ነበረ። የማዳበሪያው ዕዳ ግን አልወደቀም፤ መክፈያውም ልክ አዝመራ ሲገባ ነው። ስለዚህ አባወራው እህሉ በረከሰበት ወር ይሸጣል፤ ያልበቃው በሬውን ይነዳል። በተከታዩ ዓመት ብዙ ገበሬ ማዳበሪያ ቀነሰ፤ ዝናቡም ቀረ። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። በቆሎ በማሳ በቀረ በዓመቱ ማለት ነው!

ይህ የሆነው ገበያው ነጻ ስለ ወጣ ነውን? አይደለም ብለን እንመልሳለን። የእህል ንግድ ነጻ መሆኑ ልዩ ልዩ ገበያዎችን አቀራርቧል፤ ማንም ወደ ኮታና ወደ ኬላ እንመለስ የሚል ከመካከላችን ያለ አይመስለንም። የጎደለው ሌላ ነበር። ነቀዝ የማይገባበት መጋዘን፣ እህሉን በመያዣነት ተቀብሎ እስከ ሰኔ የሚያበድር ባንክ፣ በቆሎን ዱቄትና መኖ አድርጎ የሚገዛ ፋብሪካ አልነበረም። ዋጋን መልቀቅ አንድ ቀን በሚወጣ መመሪያ ይፈጸማል፤ አማካሪውም በሪፖርቱ «ተፈጸመ» ብሎ ይጽፋል። መጋዘንና ብድር ግን ዓመታት ይፈጃል፤ ዓመታት የሚፈጅ ነገር ደግሞ ለቀጣዩ ክፍያ ቅድመ ሁኔታ አይሆንም።

ከዚያ መከራ ትምህርት የወሰዱ አልጠፉም። ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን የመሩት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በብዙ የውጭ ለጋሾች ገንዘብ ታግዞ ነበር፤ የመጋዘን ደረሰኝን ኀሳብም ይዞ መጣ። የተጀመረው በበቆሎ ነበር። ይሁንና ዓመት ሳይሞላው ዋና ሥራው ቡና ሆነ። ቡና ዶላር ያመጣል፤ የቡልቡላ በቆሎ ብር ብቻ ነው የሚያመጣው።

አሁን ያለንበትን እንመልከት። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የገንዘብ ድርጅቱ «አገር በቀል» ለተባለው ማሻሻያ 2.9 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ፤ ፕሮግራሙ ግን ሳይፈጸም ቀረ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በዚያው ሰሞን ድርጅቱ 3.4 ቢሊዮን፣ የዓለም ባንክ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ፈቀዱ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከ100 አለፈ። ማዳበሪያ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው፤ መንግሥትም ለጊዜው እደጉመዋለሁ ብሏል። በ1989 ዓ.ም. በምክር የቀረው ድጎማ ሌላ ምክር ያስከተለውን የዋጋ ንረት ለማስታገስ ተፈለገ ማለት ነው።

«ምን ማድረግ ይቻላል? አበዳሪ ያዛል፤ ተበዳሪ ይፈጽማል» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ይህ ልክ አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ የገንዘብ ድርጅቱ ከመንግሥታችን ጋር ተጣልቶ ፕሮግራሙን ባቆመ ጊዜ፥ የዓለም ባንክ ዋና የኢኮኖሚ ሊቅ የነበሩት ጆሴፍ ስቲግሊዝ ለኢትዮጵያ ተከራክረዋል፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍም ጠቡን ዘርዝረውታል። ለአውሮፕላን መግዣ የተወሰደ ብድር አስቀድሞ በመከፈሉና የባንክ ገበያው ለውጭ አልከፈትም በመባሉ ጭምር ነበር። የባንኩ በር በሕግ የተከፈተው በ2017 ዓ.ም. ነው፤ ከ25 ዓመት በላይ ቆይቶ። መከፈቱ ደግ ነው ወይስ ክፉ ለማለት ሳይሆን፥ እምቢም ቆዩም ማለት እንደሚቻል ለማሳየት ነው ያነሣነው።

ደግሞም እምቢ ለማለት በመጀመሪያ ማንበብ ያስፈልጋል። ለገንዘብ ድርጅቱ የሚላከውን የስምምነት ደብዳቤ የሚፈርሙት የገንዘብ ሚኒስትራችንና የብሔራዊ ባንክ ገዥያችን ናቸው። የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ረቂቁም ከድርጅቱ ባለሙያዎች ጋር በድርድር የሚዘጋጅ ነው። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ያነበበ የቡልቡላ ገበሬ ካለ እጁን ያውጣ። እኛስ ተማሪዎቹ ስንቶቻችን አንብበነዋል?

እዚሁ ቡልቡላ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክም የዚሁ ድጋፍ ልጅ ነው፤ በጥናቱ የተባበሩት መንግሥታት የኢንዱስትሪ ልማት ድርጅት፣ ለፕሮግራሙም የአውሮፓ ኅብረትና የአፍሪካ ልማት ባንክ እርዳታ ገብቶበታል። ኀሳቡ በ1994 ዓ.ም. የጎደለውን ገዢ የሚያመጣ ነውና እንደግፈዋለን። የምንመዝነው ግን በአጥሩ ርዝመትና በመጋረጃ ገለጣው አይደለም። ገበሬው በኅዳር የሰበሰበውን እስከ ሰኔ አቆይቶ እንዲሸጥ አስችሎታል ወይ ብለን ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን ሁለት ነገር እንዲወስን እናሳስባለን። አንደኛ፥ የኢኮኖሚክስና የቋንቋ ተማሪዎች በአንድነት ሆነው የ2016ቱን ደብዳቤ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይመልሱት፤ መምህራኖቻችን ይመርምሩትና በዚሁ ጋዜጣ በየተራ ይውጣ። ሁለተኛ፥ ቤተ ሰቦቻችን በመቂ፣ በቡልቡላ፣ በአርሲ ነጌሌና በሻሸመኔ ያሉን ሁሉ፥ ከኅዳር እስከ ሰኔ በየገበያው ቀን የአንድ ኩንታል በቆሎና የአንድ ኩንታል ዩሪያ ዋጋ እየጠየቅን እንጻፍ። ወረቀቱንም በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ እንለጥፈው። ለመጀመሪያው ወር ፈቃደኛ የሆናችሁ ከዚህ ስብሰባ በኋላ ለጸሐፊያችን ስማችሁን ስጡ።