ሕፃናትን ወደ እርሻ ስለ መውሰድ
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ሕፃናት ማኅበራዊ ኑሮን ከወዴት ይማራሉ ስለሚለው ጥያቄ ነው። መልሴም አጭር ነው፤ ከእርሻ ላይ ይማራሉ እላለሁ።

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለው አገር በቆሎ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳና በርበሬ የሚበቅልበት ነው። ነገር ግን በከተማ የሚያድገው ሕፃን በርበሬን የሚያውቀው ከገበያ ተገዝቶ ሲመጣ ነው። ዘሩ በመደብ ላይ እንደሚፈላ፣ ክረምት ሲገባ ችግኙ አንድ በአንድ እንደሚተከል፣ ሲቀላም በእጅ እንደሚለቀም አላየም። ያላየውንም ድካም ሊያከብር አይችልም። ስለዚህም «ባላገር» የሚለውን ስም እንደ ስድብ ቆጥሮ፣ አብሮት በሚማረው የገበሬ ልጅ ላይ ይሥቃል።

ይሁን እንጂ ሕፃናቱ ሰብሉን ብቻ አይተው ቢመለሱ፣ የተማሩት ግማሹን ነው። ዋናው ትምህርት ሰው ከሰው ጋር ተረዳድቶ የሚኖርበት ሥርዓት ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ እንደ እርሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ በየተራ ያርሳል፤ ይህም መቀናጆ ይባላል። በወንፈል ዛሬ የታገዘው ነገ በተራው ያግዛል። ሥራ ሲበዛ ደግሞ ደቦ ይጠራል፤ ባለ እርሻውም እንጀራና ጠላ ያቀርባል። ለስድስት ዓመት ልጅ «ትብብር» የሚለውን ቃል ከማስጠናት ይልቅ፣ የሁለት ጎረቤታሞች በሬዎች በአንድ ቀንበር ሲጠመዱ ማሳየት ይሻላል።

ለዚህም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ ጊዜ በግንቦት ወይም በሰኔ ሲታረስ፣ አንድ ጊዜ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ሲታጨድ፣ ጥቂት ልጆች ይዞ በእግር መሄድ ይበቃል። ገበሬው ቅዳሜና እሑድን ስለሚያከብር ጉዞው በሥራ ቀን ይሁን። አስቀድሞ የመንገዱን ደኅንነት መጠየቅ፣ ባለ እርሻውን ማስፈቀድ፣ ሰብሉንም አለመርገጥ ይገባል። ሕፃናቱም ቆመው ከሚያዩ፣ እንደ ዓቅማቸው ነዶ በማቀበል ያግዙ።

እናንተም ቤት ተከራይታችሁ፣ ከቤተ ሰባችሁ ስንቅ እያመጣችሁ የምትማሩ የገጠር ተማሪዎች፣ በዚህ ጉዞ አስተማሪዎቹ እናንተ ናችሁ። ሞፈሩን ከድግሩ፣ ወንፈሉን ከደቦው ለይቶ ለማስረዳት ከእናንተ የሚበልጥ ማን አለ?

የከተማችን ስም የሰላም መንገድ ማለት ነው። በከተማው ልጅና በገጠሩ ልጅ መካከል ያለው መንገድም እንደ ስሙ እንዲሆን ምኞቴ ነው።