ሐላል ሲሳይና ገደቡ

እኛ የመርሐቤቴ ልጆች የምናውቀው ጀማ ወንዝ ዓባይን ይቀላቀላል። ዓባይ ከሚወጣበት ከጣና ሐይቅ ላይ ደግሞ ቤተሰብ በጀልባ ሆኖ ጉማሬ ያያል፣ ዓሣም ያጠምዳል።

አላህ (ሱ.ወ) የውሃን አደን ያለ እርድ ሐላል አድርጎልናል። በሐዲስ እንደተዘገበው 300 ሰሐቦች ተርበው ሳለ ባሕር ወደ ዳር ከተፋው ዓሣ ነባሪ ተመግበዋል።

ሐላል ነው ማለት ግን ገደብ የለውም ማለት አይደለም። የጣና ነጭ ዓሣ በክረምት ለመራባት ወደ ርብና ጉማራ ወንዞች ይወጣል። እንቁላሉን ሳይጥል በወንዞቹ መግቢያ በመረብ ስለሚያዝ ቁጥሩ እጅግ ቀንሷል። እንግዲህ በነሐሴና በመስከረም ማጥመዱን ትተን ለልጆቻችን ጉማሬውን ብቻ እናሳያቸው፤ እሱንም ከሩቅ። አላህ ኒዕማውን ከሚጠብቁት ያድርገን!