ከቆልማማው በትር ወደ ጎልፍ ዱላ፦ ስለ ዱላ ዓይነቶችና አገልግሎታቸው



ያደግሁት አጋሮ አካባቢ ነው። በቡና ለቀማ ወራት ከፍ ያለውን ቅርንጫፍ ወደ ራሳችን የምንስበው ጫፉ በቆለመመ በትር ነበር። ለቀማው ሲያበቃ ያው በትር የገና መጫወቻ ይሆናል። ሩሯን የምንመታውም፣ ከተጋጣሚ እግር ሥር የምንፈለቅቀውም በዚያው በአንዱ በትር ነው። ስለዚህም የጎልፍ ተጫዋች እስከ 14 ዱላ ይዞ እንዲገባ እንደሚፈቀድለት መጀመሪያ ስሰማ የባለጠጋ ቅንጦት መስሎኝ ነበር። ቅንጦትነቱን ዛሬም ፈጽሜ አልክድም፤ ነገር ግን በቂ ምክንያት አለው። በገና ጨዋታ ተጋጣሚያችን ሰው ነው። በጎልፍ ግን ኳሷ ቆማ ትጠብቃለች፤ የሚፈትነን ርቀቱና መሬቱ ነው።

ዱላዎቹን በዋናነት የሚለያያቸው የዘንጉ ርዝመትና የፊቱ ዝንባሌ ነው። ድራይቨር ከሁሉም ረጅም ሲሆን ዝንባሌው ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ነው፤ ከመነሻው ኳሷን ወደ ሩቅ ይሰዳል። «ዉድ» የሚባለው ወገን ስሙ እንጨት ማለት ቢሆንም የዛሬዎቹ ጭንቅላት በአብዛኛው ባዶ ብረት ነው። አይረኖች ቁጥራቸው ከፍ ባለ መጠን ዘንጋቸው ያጥራል፣ ዝንባሌያቸው ይጨምራል፣ ኳሷም ከፍ ብላ ቅርብ ታርፋለች። ፓተር በጉድጓዱ ዙሪያ ኳሷን በሣር ላይ ያንከባልላል።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ለአሸዋ የተሠራው ዌጅ ነው። ስለታም ጠርዝ ያለው ዱላ አሸዋ ሲነካ እንደ ዶማ ይሰምጣል። አሜሪካዊው ጂን ሳራዘን በ1930ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆች አቆጣጠር) በዱላው ሥር ብረት አክሎ ሆዱን አወፈረው፤ ዱላውም መስመጡን ትቶ በአሸዋው ውስጥ ይንሸራተት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1932 የብሪታንያን ኦፕን ሲያሸንፍ ይህ ዱላ ከእርሱ ጋር ነበር። በአሸዋ ውስጥ ጥሩ ምት ኳሷን በቀጥታ አይነካም፤ ከኋላዋ ያለውን አሸዋ መትቶ በአሸዋው ያነሣታል።

ገና ተጫውቶ ያደገ ተማሪ አንድ ስሕተት ይደጋግማል፤ እኔም ደጋግሜዋለሁ። ኳሷን ለማንሣት ከሥሯ ሊዝቃት ይሞክራል። በአይረን ግን ምቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ኳሷን ከፍ የሚያደርጋት የፊቱ ዝንባሌና ወደ ኋላ የምትሽከረከርበት ኃይል ነው። ዝንባሌው ሥራውን እንዲሠራ መተው ያስፈልጋል። ይህን በቃል ማስረዳት ቀላል ነው፤ እጅን ማሳመን ግን ወራት ወስዶብኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ከዓመታት በፊት የእያንዳንዱን ዱላ ርቀት የሚያሳይ ሰንጠረዥ ከውጭ መጽሐፍ ገልብጬ ለተማሪዎቼ አስጠንቼ፣ በእርሱም ፈትኜ ነበር። አንዲት ተማሪ «መምህር፣ ይህ የተለካው የት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አላሰብኩበትም ነበር። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከዚያም ትበልጣለች። አየሩ ስስ በመሆኑ ኳሷን የሚጎትታት ኃይል ይቀንሳል፤ ረጅሙ ምት በባሕር ጠረፍ ከሚጓዘው ከ5 እስከ 10 በመቶ ሊጨምር ይችላል። አጭሩ የዌጅ ምት ግን ያን ያህል አይለወጥም። ስለዚህ ሁሉንም ቁጥር በአንድ ልክ ማብዛትም መፍትሔ አይሆንም። በዚያ ፈተና ሰንጠረዡን በትክክል የጻፉትን ሁሉ ሙሉ ነጥብ ሰጥቻቸዋለሁ፤ እርሷ ግን በዚያው ጥያቄ ነጥብ አጥታለች። በኋላ አስተካከልኩላት።

የራሳችንን በትርም አልለካነውም። የገና በትር ክብደቱ የት ላይ እንደሚያርፍ፣ ቆልማማው ስንት ዲግሪ እንደሚሆን፣ ወይራው ለምን እንደሚመረጥ አዛውንቶች በእጃቸው ያውቁታል፤ እኛ ግን በመዝገብ አላሰፈርነውም። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ሚዛኑና የማዕዘን መለኪያው እኔ ቢሮ አለ።

ጥያቄዎቻችሁን ሜዳው ላይ እቀበላለሁ። አራት ዱላዎችና አንድ የገና በትር ይዤ መጥቻለሁ። ኳሶቹ 11 ብቻ ስለሆኑ ሁለት ተማሪዎች ከዛፎቹ አጠገብ ቆመው የሚያርፉበትን ይመልከቱልኝ።